ጫት ያልገባ ቀን

ባለፈው ማክሰኞ፣ ጅቡቲ ያለን ሐበሾች ቤት ኪራይና ሥራ የምንጠያየቅበት የቴሌግራም ገጽ ላይ አንድ ማስታወቂያ አየሁ። «ለክረምት ወራት በትርፍ ጊዜ የምታስተምር መምህርት እንፈልጋለን። ወደ ዓረብ አገር ለሚጓዙ እህቶቻችን ዓረብኛና የቤት አያያዝ። በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ፣ ከምሳ በኋላ።» ከሥሩ አበባ ለጥፈውበታል። አበባ! ደሜ ፈላ። እህቶቻችን ይሉልኛል ደግሞ፣ አፋቸውን ሞልተው!

ምን እንዲህ ያደርግሻል የሚለኝ ሰው ካለ ልንገረው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ ክረምት ሙሉ በንዴት ጨስኩ። ንዴቱ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ብቻ ያኔ የተናደድኩት በማይገባው ሰው ላይ ነበር።

እናቴ ፍቅርአዲስ መምህርት ናት። ድሬዳዋ መጋላ ሰፈር ከየመን ነጋዴዎች ልጆች ጋር ስላደገች ዓረብኛ እንደ አማርኛዋ ትናገራለች። ጅቡቲ ያመጣን የአባቴ የከባድ መኪና ሥራ ነው። አባቴ መንገድ ላይ ተገልብጦ ከሞተ በኋላም ካርቲየ 4 በሚሉት ሰፈር ከተከራየናት አንድ ክፍል አልወጣንም። እማዬ የሐበሻ ልጆች የሚማሩባት አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ታስተምር ነበር። ትምህርት ቤቷ ሰኔ ሲያልቅ ትዘጋለች፤ ደመወዙም አብሮ ይዘጋል። እኛ ባገራችን አቆጣጠር ክረምት እንለዋለን እንጂ ጅቡቲ ላይ ሐምሌ እሳት ነው። ኻምሲን የሚሉት ነፋስ ከበረሃ እየተነሳ አሸዋውን ዓይን ውስጥ ይሞጅራል፤ መብራት ይጠፋል፤ አቅም ያለው ሁሉ ልጆቹን ይዞ ወደ ቀዝቃዛ አገር ይሸሻል።

ስለዚህ እማዬ የክረምት ሥራ ፍለጋ ትወጣለች። ዲፕሎማዋን በላስቲክ ጠቅልላ፣ እኔን በእጇ ይዛ፣ ሦስት ሳምንት ፀሐይ ላይ ዞርን። የፈረንሳይኛ ማስተማሪያ ያለው ሰውዬ ዲፕሎማዋን ሳይገልጠው መለሰላትና መስከረም ላይ ተመለሺ አላት። ልጆቻቸውን ታስጠናላቸው የነበሩት ቤተሰቦች ቤታቸውን ዘግተው ሄደዋል። አንዲት ሴትዮ ብቻ በራፍ ላይ አቁማን፣ «አስተማሪ እንኳ አልፈልግም፤ ልብስ የምታጥብ ግን ጠፍታብኛለች» አለች።

«እኔም የሚያጥብልኝ ሰው የምፈልግ ነኝ» አለቻት እማዬ።

መንገድ ላይ ስንስቅ ትዝ ይለኛል። እኔ ከልቤ ነበር የሳቅኩት። እሷን እንጃ።

በማግስቱ ጋሽ ይሄይስ የሚባል ሰው፣ ዓረብኛ የምታውቅ መምህርት አለች ሲሉት ሰምቶ፣ ራሱ ቤታችን መጣ። ነጭ ሸሚዝ፣ ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ፣ ሽቶው ክፍሏን ሞላት። ያለችንን አንዲት በርጩማ አቀረብንለት። እናቴን «መምህርት» አላት። ጎረቤቱ ሁሉ በኔ ስም የራኬብ እናት ነበር የሚላት፤ ለዚህ ብቻ ወደድኩት።

«ሴቶች ልጆች አሉኝ» አለ፣ «አሥራ አራት ናቸው። ውል ፈርመው፣ በአውሮፕላን፣ በክብር ነው የሚሄዱት። ግን ቋንቋ አያውቁም። እዚያ ሄደው ሲሰደቡ ለምን ይኑሩ? እኔ እንደ ወንድም ነው የማስበው፣ መምህርት። ጥቁር ሰሌዳ እንኳ ገዝቻለሁ።»

«መቼ ነው የሚሄዱት?» አለች እማዬ።

«ነፋሱ ሲበርድ።»

አይ ደግነት፣ አልኩ በልቤ። በዚህ ትኩስ ነፋስ ልጆቹ እንዳይንገላቱ አስቦላቸው ነው አልኩ። እማዬም ተስማማች። አውሮፕላን የነፋሱን መብረድ የሚጠብቅ ይመስል! የሚጠብቀው ጀልባ ነው። በክረምት ባሕሩ ስለሚቆጣ ወደ የመን የሚያሻግሩት ሰዎች ሰው አጠራቅመው ይቀመጣሉ፤ የተጠራቀመ ሰው ደግሞ ሥራ ሲፈታ ይጠይቃል፣ ይጨቃጨቃል፣ አጥር ዘሎ ይወጣል። ጋሽ ይሄይስ ብልጥ ነበርና ለዚህ መላ አመጣ፤ ትምህርት ቤት ከፈተላቸው። እናቴን የቀጠራት ልጆቹ ረግተው እንዲቀመጡለት ነው።

እኔ ያኔ የማውቀው ሌላ ነበር። እናቴ ሥራ አገኘች፤ ጥቁር ሰሌዳ አላት፤ እኔ የመምህርት ልጅ ነኝ።

ትምህርቱ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ነው፣ በኛ አቆጣጠር። ጅቡቲን የሚያውቅ ለምን እንደሆነ ይገባዋል። ጫት ከኢትዮጵያ የሚገባው ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። የጫነው መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ሲገባ ከተማው ሁሉ ይሯሯጣል፤ ሴቶቹ ጠረጴዛቸው ላይ በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው ይደረድሩታል፤ ወንዱ ሁሉ እስሩን በብብቱ ይዞ ወደየመቃሚያው ይገባል። ከዚያ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ወንድ የሚባል መንገድ ላይ አይታይም። ጋሽ ይሄይስም ከጓደኞቹ ጋር ሲቅም ነው የሚውለው። ዘበኛውም ሰማያዊው የቆርቆሮ በር ሥር ሰሌን አንጥፎ ይጀምራል፤ ስምንት ተኩል ላይ ዓይኑ ፈጦ ሌላ ዓለም ይሄዳል።

ልጆቹ አንድ ክፍል ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተደርድረው ይጠብቁናል። «ሰላጃ!» ትላለች እማዬ። «ሰላጃ፣ ማቀዝቀዣ!» ይላሉ በአንድ ድምፅ። «ገሳላ!» «ገሳላ፣ ልብስ ማጠቢያ!» ላቡ ከግንባራቸው እየተንጠባጠበ። ከሁሉም የምወዳት ሲምቦን ነው። ከአርሲ ነው የመጣችው፤ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው ብትልም እማዬ አላመነቻትም። ፍንጭት ናት፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። እግሮቿ መሀል አስቀምጣ ፀጉሬን እየሠራች «ራኪ ኮ» ትለኛለች፣ የኔ ራኪ ማለት ነው። መጻፍ የምታውቀው ስሟን ብቻ ነበር። ትምህርት ሲያልቅ ተነስታ ሰሌዳው ጥግ ላይ ስሟን ትጽፍና ራቅ ብላ ታየዋለች።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሲምቦ እናቴን ሰሌዳው ሥር ይዛ አንሾካሾከች። ግማሹን ነው የሰማሁት። «ስልካችንን ሰብስቦ... ኦቦክ ወደብ... ጀልባ...» እማዬ እጅ ላይ ጠመኔው ተሰበረ። እኔ ደግሞ ቅናት ያዘኝ። ለካ ልጆቹን በጀልባ ሊያዝናናቸው ነው! እኔንም ይወስደኝ ይሆን እያልኩ ሳሰላ ቤት ደረስን።

ያን ዕለት ከመግሪብ በፊት ፋጤ መጣች። ፋጤ ሶማሌ ናት፤ ከእናቴ ጋር ድሬዳዋ አብረው ነው ያደጉት፤ ማዕከላዊ ገበያ ቀይ ዣንጥላ ሥር ቅመም ትሸጣለች። እኔ እንዳልሰማ ሲፈልጉ በሶማሊኛ ነው የሚያወሩት። መጨረሻ ላይ ግን ፋጤ በአማርኛ ጮኸች። «ዋላሂ ፍቅርዬ፣ ያለሽ ጊዜ እስከ ነፋሱ መብረድ ብቻ ነው!»

ፖሊስ ለምን አልጠራችም ትሉ ይሆናል። ወረቀት የሌላቸው ልጆች ናቸው፤ መጀመሪያ የሚታፈሱት እነሱ ናቸው፤ ቀጥሎ እኛ።

በማግስቱ እማዬ ማቀዝቀዣና ማጠቢያውን ተወችው። ሰሌዳው ላይ በርና መስጊድ፣ ዳቦ ቤትና ዣንጥላ ሣለች። ጂኦግራፊ ነው አልኩ! ደስ አለኝ። ቃላቱን በዜማ አድርጋ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲሉት አስጠናቻቸው።

«ከሰማያዊው በር ወደ ግራ፣
ነጩ መስጊድ ጋ ቀጥ፣
ዳቦ ቤቱን አልፎ ወደ ቀኝ፣
ከቀይ ዣንጥላ ሥር ፋጤ።»

ቀጥሎ የፋጤ ስልክ ቁጥር ይመጣል፣ እሱም በዜማ። ከሁሉም በፊት የሸመደድኩት እኔ ነኝ። እያንዳንዷን ልጅ እየዞርኩ ስትሳሳት አርማት ነበር። ሲምቦ ትስቅና «መምህርት ትንሿ» ትለኛለች።

ከሦስት ቀን በኋላ ሁለት ልጆች ጎደሉ።

«ተመርቀው ሄዱ» አለች እማዬ።

«ሰርተፍኬትስ?»

«ይደርሳቸዋል።»

በሳምንቱ ሌሎች ሁለት ተመረቁ። ቀጥሎ ሁለት። የተመረቁት የዘበኛው ዓይን ሌላ ዓለም በሄደበት ሰዓት፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ ፀጥ ባለው መንገድ ፋጤ ጋ የደረሱት ናቸው። ፋጤ ልብስ ታለብሳቸውና ለአባቴ ባልደረቦች ታስረክባለች፤ ጭነት አራግፈው የሚመለሱ ሹፌሮች ጋቢና ውስጥ አስገብተው ወደ ድሬዳዋ ይወስዷቸዋል። አንድ ጋቢና ከሁለት በላይ አይችልም፤ ለዚህ ነው ሁለት ሁለት የሆነው። ስድስት ልጆች እንዲህ ወጡ። ጋሽ ይሄይስ ዘበኛው ሸጦብኛል ብሎ ደበደበውና ሌላ ቀጠረ። አዲሱም ቃሚ ነበር፣ ተመስገን።

ቀጣዮቹ ሲምቦና አንዲት የወሎ ልጅ ነበሩ። ተራቸው ሐሙስ ነበር።

ረቡዕ ጫት አልገባም።

መንገድ ላይ ምን እንደተፈጠረ አላውቅም፤ ድልድይ ተሰብሮ ነው ያሉም ነበሩ፣ ድንበር ላይ ተጣልተው ነው ያሉም ነበሩ። ጫት ያልገባ ቀን ጅቡቲን ያላየ ምን አየ! ሴቶቹ ባዶ ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ወንዱ ሁሉ መንገድ ዳር ቆሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ያያል፤ ያዛጋል፤ ያለ ነገር ይጣላል። እማዬ በሩ ጋ ስትደርስ ዘበኛውን ቁጭ ብሎ፣ ዓይኑ ነቅቶ አገኘችው። ያን ዕለት ያስተማረችው ማቀዝቀዣ ነበር።

እኔ ሰላጃ ሰልችቶኝ ግቢው ውስጥ ወደ ጥላው ወጣሁ። ጋሽ ይሄይስ ገባ። በዚያ ሰዓት አይቼው አላውቅም። ዓይኑ ያለቅሳል፣ ፊቱ ገርጥቷል፣ ግን ሲያየኝ ፈገግ አለ። ደረጃው ላይ አጠገቤ ተቀመጠና ከያዘው ፌስታል ቪምቶ የሚባለውን ቀይ ለስላሳ አወጣልኝ። ጠርሙሱ ላይ ውርጭ ነበረበት። በዚያ ሙቀት!

«ራኪዬ፣ እናትሽ ምን አስተማረችሽ?»

«ጂኦግራፊ!»

«ጂኦግራፊ?» ሳቀ። «የየት አገር?»

እኔ ነኝ ያልኩ ተማሪ ብድግ አልኩ። እጄን ወደ ኋላ አድርጌ፣ ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ እንደምንዘምረው፣ ከሰማያዊው በር እስከ ቀይ ዣንጥላ አወረድኩለት። አልሳቀም። ድገሚልኝ አለኝ። ደገምኩለት።

«ፋጤ ማናት?»

«የእማዬ ጓደኛ። ገበያ ያለችው፣ ቅመም ሻጯ። ስልኳን ልበልልዎት?»

በዜማው አወረድኩለት። አንድም ቁጥር አልሳትኩም።

ራሴን ዳበሰኝ። «ጎበዝ። ትልቅ ሰው ትሆኛለሽ። ቪምቶውን ለእማዬ አትንገሪያት፣ ስኳር ጠጣሽ ብላ ትቆጣሻለች።» ወደ ክፍሉ አልገባም። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወጣ። ክፍሉ ውስጥ ዘልቄ ብገባ፣ ለሲምቦ ብነግራት፣ ሲምቦ ይገባት ነበር። እኔ ግን ቪምቶዬን መጠጣት ነበረብኝ።

ቤት ገብተን ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል እማዬ አገጬን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችኝ። «ከንፈርሽን ምን አቀለመው?»

መዋሸት አልችልበትም። ቪምቶውንም፣ ዘፈኑንም፣ ጎበዝ መባሌንም ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ እጄን አፈፍ አድርጋ ሮጠች። እኔም ከኋላዋ እየተንጠለጠልኩ ሮጥኩ፤ አንድ ነጠላ ጫማዬ መስጊዱ ጋ ወልቆ ቀረ፤ ጫማዬ እያልኩ ብጮህ አልዞረችም።

ሰማያዊው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ዘበኛ የለም። ክፍሉ ውስጥ ምንጣፎቹ እንደተዘረጉ ናቸው፤ የአንዷ ነጠላ ተረግጦ ወድቋል። ሰሌዳው ላይ ማቀዝቀዣው እንደተሣለ ነው፤ ጥጉ ላይ ሲምቦ የሚል ተጽፏል፣ «ቦ»ው ወደ ላይ ወጥቶ። እማዬ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። ቆርቆሮው እየተንኳኳ ነበር፤ ነፋሱ ገና አልበረደም። ስምንቱን በዚያ ነፋስ ነው የጫናቸው።

እኔስ? እኔ የተናደድኩት ሳይሰናበቱኝ በመሄዳቸው ነበር። ስለ ጫማዬም ነበር።

በማግስቱ ገበያ ስንሄድ ፋጤ መሬት ላይ ተንበርክካ ከአሸዋ ጋር የተቀላቀለ በርበሬ ትሰበስባለች። ዣንጥላዋ ተሰብሯል፣ ከንፈሯ አብጧል። «ነፋስ ነው፣ ናያ» አለችኝ፣ አንቺ ልጅ ማለቷ ነው። አመንኳት።

የዚያን ክረምት ቀሪ ሳምንታት እናቴ የዚያችን በራፍ ላይ ያቆመችን ሴትዮ ልብስ አጠበች። እኔ የመምህርት ልጅ! ጥቅሉን ተሸክማ ስትወጣ ጓደኞቼ እንዳያዩኝ ቤት ውስጥ እደበቃለሁ። አንድ ቀን አልቻልኩም። «ጋሽ ይሄይስ ጥሩ ሥራ ሰጥቶሽ ነበር! ተጣልተሽው ነው! አንቺ ሥራ መያዝ አትችይም!» ብዬ ጮህኩባት።

እጇ ላይ አረፋ ነበረ። አየችኝ፣ አየችኝና፣ «ልክ ነሽ፣ የኔ ልጅ» አለች። ማጠቧንም ቀጠለች።

አሥር ዓመት ይህን ይዤ ኖርኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ፣ ዘመድ በተሰበሰበበት በዓል ላይ፣ እንደ ቀልድ አወራሁት፤ እናቴ ለአንድ ወር ገደማ ብቻ መምህርት የነበረችበት የሴቶች ትምህርት ቤት ነበረ፣ እኔም ረዳት ነበርኩ፣ ብዬ ዘፈኑን ዘፈንኩት። ሰው ሳቀ። ፋጤ ሳህኗን አስቀምጣ ክንዴን ያዘችና ጓዳ አስገባችኝ። እዚያ ነው ሁሉንም የሰማሁት።

ከስምንቱ ሦስቱ ደውለዋል፣ በተለያየ ዓመት፣ በዚያው በዘፈኑ ቁጥር። አንዷ ከሰንዓ፣ ሁለቱ ከሳዑዲ። ጀልባው ውስጥ ውሃ እንደገባና ጭነቱ ይቀንስ ተብሎ ሰው እንደተጣለ የነገረችን የሰንዓዋ ናት። ማን ማን እንደተጣለ ጨለማ ነበር፣ አላየሁም አለች። ሲምቦ አልደወለችም። ፋጤ እስከ ዛሬ ቁጥሯን አልቀየረችም፤ አዲስ ስልክ ስትገዛ እንኳ መጀመሪያ የምታስገባው ያንኑ ሲም ነው።

ዓይኔን እስኪያመኝ አልቅሼ እናቴ ጋ ሄድኩ። «ለምን አልነገርሽኝም? ስሰድብሽ፣ ሳፍርብሽ፣ ለምን ዝም አልሽ?»

«የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነገሩን ምን ታድርገው?» አለች። «በኔ ብትናደጂ ይሻላል ብዬ ነው። እኔ እናትሽ ነኝ፣ እችለዋለሁ።»

ጋሽ ይሄይስ አዲስ አበባ ፎቅ ሠራ ይላሉ። እግዜር ያየዋል ይሉኛል ሰዎች። እኔ ግን የእግዜርን አላውቅም፤ እኔ እያየሁት ነው።

አሁን እኔም መምህርት ነኝ። የእናቴ ዕጣ ደርሶኝ የኔም ደመወዝ በክረምት ይቆማል፤ እኔም ዲፕሎማዬን ስልኬ ውስጥ ይዤ ሥራ ፍለጋ እዞራለሁ። ማክሰኞ ዕለት ያንን ማስታወቂያ ሳየው መጀመሪያ ስልኩን ልወረውረው ነበር። ከዚያ ደወልኩ። ያነሳው ወጣት ነው፣ ድምፁ ማር።

«ስንት ልጆች ናቸው?» አልኩት።

«አሥራ ስድስት፣ እህቴ። ባቡሩ ናጋድ ጣቢያ ሲያወርዳቸው እኛ ነን የምንቀበላቸው። ሁሉም በሕጋዊ መንገድ፣ በአውሮፕላን።»

«መቼ ነው የሚሄዱት?»

«እንግዲህ ነፋሱ ሲበርድ ነዋ» አለ።

ጆሮዬ ላይ ቆርቆሮ ሲንኳኳ ሰማሁ።

«ሰኞ እጀምራለሁ» አልኩት። «ቤቱ የት ነው?»

ስልኩን ዘግቼ እናቴ ጋ ሄድኩ። ጉልበቷን ስለሚያማት አሁን ብዙ አትወጣም፤ ፋጤ አጠገቧ ተቀምጣ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ማስታወቂያውን አነበብኩላቸው፤ ሰውየው ያለውን ነገርኳቸው። ፋጤ ቢላዋዋን አስቀመጠች። እንዳትሄጂ ይሉኛል ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር።

እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳች። ከመደርደሪያው ላይ የጠመኔ ስባሪ አወረደች፣ እያቃሰተች ሲሚንቶው ወለል ላይ ተንበረከከች፣ ቀና ብላም አየችኝ።

«በሩ ምን ቀለም ነው?» አለች።